ለበርበሬ ወጥ የሚስማማው የወይን ጠጅ የትኛው ነው?

አንድ ጠርሙስ የወይን ጠጅ መልካም ወይም መጥፎ ስም የሚያተርፈው በገበታ ላይ፣ ከምግቡ ጋራ አብሮ ሲቀመስ ነው። ይህ ነገር ለማንኛውም አገር ነጋዴ እውነት ቢሆንም፣ ገበታው በበርበሬ፣ በአዋዜና በሚጥሚጣ ለሚደምቅበት ለእኛ አገር ነጋዴ ግን ይልቁን ብርቱ ጉዳይ ነው። እንግዳ ወደ ደባርቅ መጥቶ ዶሮ ወጥ ያዛል፤ አስተናጋጁም እንግዳውን ያከበረ መስሎት በቤቱ ካለው ሁሉ በዋጋ ከፍ ያለውን፣ ከውጭ አገር የመጣውን፣ ደረቅና ብርቱ የሆነውን ቀይ የወይን ጠጅ ያቀርብለታል። እንግዳው ጥቂት ጐርሶ ከወይኑ ይጐነጫል፤ ወዲያውም አፉ እሳት ይሆናል፤ ወይኑም መራራና ሸካራ ሆኖ ይሰማዋል። ብርጭቆውን ወደ ጎን አድርጎ ውሃ ይጠይቃል። ሁለተኛ ጠርሙስ ሳይታዘዝ ይቀራል። ባለ ሆቴሉ «ፈረንጅ በርበሬ አይችልም» ይላል፤ እንግዳው ደግሞ «ወይኑ ተበላሽቶአል» ይላል። ወጡም ግን በሚገባ የተሠራ፣ ወይኑም በሚገባ የተጠመቀ ነበር፤ ያልተስማማው ጋብቻው ነው።

ይህን ጽሑፍ ለደባርቅ፣ ለዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ላሉት ነጋዴዎች ያቀረብነው ያለ ምክንያት አይደለም። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት፣ ወደ ተራራው የሚወጣ መንገደኛ መግቢያውን የሚከፍልባት፣ አስጎብኚና ጠባቂ የሚይዝባት፣ በቅሎ የሚከራይባትና ስንቁን የሚሸምትባት ከተማ ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፉት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነው፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ጋራ ተቆጥሮ ነበርና በ2017 ከዚያ ዝርዝር ሲወጣ የአካባቢው ነጋዴ ብዙ ተስፋ አድርጎ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ለማናችንም የተሰወረ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገዱንና መንገደኛውን አወከ። እንግዳ በሚጎርፍበት ዘመን አንድ ጠርሙስ ሳይወደድ ቢቀር ነጋዴው አይታወቀውም፤ ነገ ሌላ ይሸጣልና። እንግዳ በሳሳ ጊዜ ግን በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣው እያንዳንዱ ጠርሙስ የታሰረ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ምን ዓይነት ጠርሙስ ማስቀመጥ ይገባል የሚለው ጥያቄ የምላስ ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም።

ከፈረንጅ እንግዳ ሌላ የአገሩም ሰው አለ። በሠርግ፣ በክርስትና፣ በጥምቀት፣ በዩኒቨርሲቲው ምርቃት ጊዜ አንድ ሁለት ጠርሙስ የወይን ጠጅ በገበታ ላይ ማኖር በከተሞቻችን የተለመደ ሆኖአል። ይህ ደንበኛ ወጡን እንዲያለዝብለት አይጠይቅም፤ ስለዚህ ወይኑ ከወጡ ጋራ መስማማት አለበት።

የወይን ጠጅ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር ግን ታሪክ አይደግፈውም። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ በአክሱም አልፎ፣ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ የመጣው በዚሁ በእኛ መንገድ ነው። እርሱም ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ በእንፍራዝ አካባቢ፣ ወይን እንደሚተከልና ጠጁም እንደሚጠመቅ ጽፎአል። ከእርሱ በኋላ በነበረው መቶ ዓመትም ይፋግ በገበያዋ ብቻ ሳይሆን በወይን ተክሏ የታወቀች ነበረች። ቤተ ክርስቲያናችንም እስከ ዛሬ ድረስ ለቅዳሴ የምታቀርበው ከዘቢብ የተዘጋጀውን ነው፤ በዚህም ምክንያት ዘቢብ ለሚያስመጣው ነጋዴ ደንበኛው በየደብሩ የታወቀ ነው። ወይንና ይህ አገር እንግዲህ የቆየ ትውውቅ አላቸው። አዲሱ ነገር የታሸገው ጠርሙስና በየሆቴሉ የሚሰጠው የተሳሳተ ምክር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የበርበሬ ማቃጠል እንደ ጨው ወይም እንደ ማር ጣዕም አይደለም፤ ሕመም ነው። በበርበሬ ውስጥ ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ እርሱም በምላስ ላይ ያለውን፣ ትኩስን ነገር ለይቶ የሚያሳውቀውን የነርቭ ጫፍ ይነካዋል። ነርቩም ምግቡ የቀዘቀዘ ቢሆን እንኳ «ተቃጠልሁ» ብሎ ለአንጎል ያስታውቃል። ይህ የነርቭ ጫፍ በርበሬ ሳይነካው የሚነቃው ሙቀት ወደ 42 ዲግሪ ሲደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ምርምር እንዳሳየው ግን አልኮል ሲነካው ይህ ልክ ወደ 34 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። ሠላሳ አራት ዲግሪ ደግሞ ከገዛ ሰውነታችን ሙቀት በታች ነው! አረቄ ያለ በርበሬ ጉሮሮን የሚያነድደው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ በበርበሬ ላይ ብርቱ መጠጥ የሚጨምር ሰው በእሳት ላይ እንጨት እንደሚጨምር ይቆጠራል።

ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ በቅባትና በብርቱ አልኮል ግን ይሟሟል። በወይን ጠጅ ውስጥ ያለው አልኮል ከመቶ ከ12 እስከ 15 እጅ ነው። ይህ መጠን ንጥረ ነገሩን ከምላስ ላይ ለማጠብ አይበቃም፤ ነርቩን ለማስቈጣት ግን ይበቃል። በዚህ ላይ ቀይ የወይን ጠጅ ታኒን የሚባለው፣ ከወይኑ ቅርፊትና ፍሬ የሚወጣው፣ አፍን የሚያደርቅና የሚያኮማትር ነገር አለው። ታኒን ያልበሰለ ሙዝ የበላ ሰው አፉ ላይ እንደሚሰማው ያለ ነው። በስብ ሥጋ ላይ ደስ ያሰኛል፤ በበርበሬ በቈሰለ ምላስ ላይ ግን ሸካራና መራራ ይሆናል። በበርሜል እንጨት የቆየና ዋጋው የከበረ ቀይ ወይን ታኒኑና አልኮሉ ብርቱ መሆኑ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ለበርበሬ ወጥ የሚከፋው እርሱ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ገበታ ላይ የዋጋው መውጣት ዋስትና አይሆንም።

በርበሬን የሚያስታግሠው በመጀመሪያ ጣፋጭነት ነው፤ ቀጥሎ ቅዝቃዜ፤ ከዚያም በልክ የሆነ ኮምጣጣነት፤ የአልኮሉም ማነስ ይጨመርበታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የወተት ነገር ነው፤ በወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የተባለ ንጥረ ነገር ካፕሳይሲንን ይዞ ከምላስ ላይ ያነሣዋል። እናቶቻችን ዶሮ ወጥን ከአይብ ጋራ ማቅረብን የተማሩት ከኬሚስት አልነበረም፤ ነገር ግን ኬሚስቱ መጥቶ ልክ ናችሁ አላቸው። ስለዚህ ባለ ምግብ ቤቱ በትሪው ዳር አንድ ማንኪያ አይብ ማኖርን አይተው። ወይኑንም ያድንለታል።

ስለ ቢራ የሚጠይቅ ይኖራል። ቢራ በቅዝቃዜው ያስታግሣል፤ ጋዙ ግን በራሱ ምላስን የሚነዘንዝ ነገር ስላለው ለአንዳንዱ ሰው ቃጠሎውን ያብስበታል። ደግሞም የቢራ ገበያ የራሱ ገበያ ነው፤ የጎንደሩ ዳሽን ባለበት አገር ቢራን ማስተዋወቅ የእኛ ሥራ አይደለም።

በዚህ ሁሉ ላይ የእኛ አገር ብርድ የራሱ ድርሻ አለው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ የጨነቅ ሰፈር ደግሞ ከ3,600 ሜትር ያላነሰ ከፍታ አለው። የፈረንጅ መጻሕፍት «ቀይ የወይን ጠጅ በክፍል ሙቀት ይቅረብ» ሲሉ የሚያስቡት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ያለውን ክፍል ነው። ደባርቅ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ እሳት ያልነደደበት ክፍል ከዚህ በጣም ዝቅ ይላል፤ በጨነቅ ድንኳን ውስጥ ያደረ ጠርሙስማ ከማቀዝቀዣ የወጣ ይመስላል። ደረቅ ቀይ ወይን በበረደ መጠን ታኒኑ ይጎላል፤ መዓዛው ይደበቃል። ጣፋጭ ቀይ ወይንና ነጭ ወይን ግን በዚህ ብርድ ይጠቀማሉ እንጂ አይጎዱም። ዝዋይ ወይም አዋሽ ላይ ያለ ነጋዴ ወይኑን ለማብረድ መብራት ይከፍላል፤ የደባርቅ ነጋዴ ግን ብርዱን ከሰማይ በነጻ ያገኘዋል። ይህን ያህል የተመቸ ነገር ይዞ ሳለ ለብርድም ለበርበሬም የማይስማማውን ጠርሙስ መርጦ ማስመጣት የሚያስገርም ነው።

በነገራችን ላይ፣ አረፋ ያለውን የወይን ጠጅ በበቅሎ ጭኖ ወደ ጨነቅ መላክ አይመከርም። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ ጠርሙሱም ቀኑን ሙሉ በበቅሎ ጀርባ ሲናጥ የዋለ ነው። ቡሹ ሲነሣ የጠርሙሱ እኩሌታ በአረፋ መልክ ለዋልያና ለጭላዳ ይቀርባል።

እንግዲህ ከአገራችን የወይን ጠጆች የትኛው ይስማማል? አዋሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ከ80 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያለው ነው፤ ብዙ ዘመን በመንግሥት እጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ባለ ሀብቶች ተላልፎአል። ስሙን ከጉደር አገር የወሰደው ጉደር ደረቅ ቀይ ሲሆን፣ አክሱሚት ጣፋጭ ቀይ፣ ከሚላ ደግሞ ነጭ ነው። ሁለተኛው ፋብሪካ የፈረንሳዩ ካስቴል በዝዋይ ያቋቋመው ነው። ካስቴል የወይን ችግኙን ከቦርዶ አስመጥቶ በስምጥ ሸለቆው ሜዳ ላይ ተከለ፤ ጉማሬና ሌላም አውሬ እንዳይገባበት በእርሻው ዙሪያ ቦይ ቆፈረ፤ የመጀመሪያዎቹንም ጠርሙሶች በ2006 ዓ.ም. ለገበያ አወጣ። «ሪፍት ቫሊ» በሚለው ስም የሚሸጡት ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ከሚባሉት የወይን ዘሮች የተጠመቁ ደረቅ ወይኖች ናቸው፤ «አካሺያ» በሚለው ስም ከሚወጡት መካከል ደግሞ መካከለኛ ጣፋጭ የሆነው ቀይ በብዙ ሰው ዘንድ የተወደደ ነው።

የወይን ጠጅ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች አክሱሚትንና መካከለኛ ጣፋጩን አካሺያ ያናንቃሉ፤ «ስኳር ነው፤ የሴቶች መጠጥ ነው» ይላሉ። ለብቻው በብርጭቆ ተቀድቶ ከሪፍት ቫሊ ሲራ ጋራ ቢወዳደር፣ ሲራው ይበልጣል ቢሉ እኛም አንከራከርም። ነገር ግን ወይኑ የሚሸጠው ለውድድር አይደለም፤ ከምግብ ጋራ እንዲጠጣ ነው። ፈቃዱ ያለው ነጋዴ ራሱ ይፈትን፤ አንድ ሳህን ዶሮ ወጥ፣ አንድ ብርጭቆ የበረደ አክሱሚት፣ አንድ ብርጭቆ ካቤርኔ ያቅርብና እያፈራረቀ ይቅመስ። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ሳይደርስ መልሱን ያገኘዋል። ይህን ሙከራ ማንም ሰው በገዛ ማድቤቱ ሊያደርገው የሚችል ስለ ሆነ የእኛን ቃል ማመን አያስፈልገውም።

ነገር ግን ወጥ ሁሉ አንድ አይደለምና ጥቂት እንለያይ። ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ብዙ ሰዓት ሲቁላላ የራሱን ጣፋጭነት ያወጣል፤ ንጥር ቅቤውም ቃጠሎውን ይሸፍነዋል። ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱም መዓዛ ይሰጡታል። ይህን የመሰለ ወጥ የሚመልሰው ጣፋጭነትና የፍሬ መዓዛ ያለው ቀይ ነው። የበግ ቀይ ወጥም እንዲሁ ነው። የደጋ በግ በሚታረድበት በእኛ አገር የበጉ ስብ ስለሚያግዝ ወይኑ በጣም ጣፋጭ ባይሆንም ይቻላል።

ጥብስ ሌላ ነገር ነው። በየጥብስ ቅጠል፣ በሽንኩርትና በቅቤ ብቻ ተጠብሶ አዋዜው ለብቻው በጎን ከቀረበ፣ እነሆ የጉደርና የሲራ ቦታ ይህ ነው። ደረቁን ቀይ የሚፈልግ እንግዳ ሲመጣ አስተናጋጁ ዶሮ ወጡን ትቶ ጥብሱን ቢያመለክተው፣ እንግዳውም ደስ ይለዋል፤ ውዱም ጠርሙስ ተሸጠ ማለት ነው። ወይኑንም በዚያን ጊዜ ከእሳት ዳር ጥቂት አስጠግቶ ብርዱን ማብረድ ይገባል። ክትፎ ደግሞ ሚጥሚጣው ብርቱ፣ ቅቤውም ብዙ ነው፤ ለእርሱ የበረደ ነጭ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ቅቤውን የሚቈርጥ ያስፈልገዋል። በአልጫ ላይ በርበሬ ስለሌለበት ሻርዶኔው ሳይፈራ ሊቀርብ ይችላል፤ ከእርድና ከዝንጅብሉ ጋራ መልካም ይሄዳል።

የጾም ምግብ ነጋዴው የሚረሳው ገበያ ነው። ከውጭ ከሚመጡት እንግዶች መካከል ሥጋ የማይበሉ ብዙዎች ናቸው፤ እነርሱም በየሆቴሉ «የጾም በያይነቱ» አለ ሲባሉ ደስ ይላቸዋል። የምስር ወጥና ሽሮ ቅቤ የላቸውም። ስለዚህ ቃጠሎውን የሚሸፍን ነገር የለም፤ አይብም አይቀርብበትም፤ ወይኑ ሥራውን ብቻውን ይሠራል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ደረቅ ቀይ ማቅረብ ከሁሉ የባሰው ስሕተት ሲሆን፣ መካከለኛ ጣፋጭ ነጭ ወይም ሮዜ የሚገኝ እንደ ሆነ የሚሻለው እርሱ ነው። እንጀራውም ኮምጣጣ ነውና በጣም የጎመዘዘ ነጭ ወይን ሲጨመርበት ጉሮሮን ይፍቃል፤ ከሚላ የሚያቀርብ ሰው ይህን ያስብበት።

ስለ ወይን ስንናገር የማር ጠጅን ማለፍ አይቻልም፤ በእውነቱ ከሆነ ለበርበሬ የሚሆን መጠጥ ምን መምሰል እንዳለበት ያስተማረን እርሱ ነው። ማሩ ያስታግሣል፤ የጌሾው ምሬት ጣፋጭነቱ አፍ ላይ እንዳይንዛዛ ይቈርጠዋል፤ ከብርሌ ጠባብ አንገት ጥቂት በጥቂት ስለሚጠጣም ሰው ቶሎ አይሰክርም፣ አልኮሉም ምላስን አይጎዳም። በአዋዜ የሚበላ ጥሬ ሥጋ ከጠጅ የተሻለ ጓደኛ አላገኘም፤ የሚያገኝም አይመስለንም። ችግሩ ያለው በንግዱ ነው። ጠጅ ከቤት ቤት፣ ከጥንስስ ጥንስስ ይለያያል፤ በማር ፋንታ ስኳር ከትተው፣ በቀለም አስመስለው የሚሸጡም አሉ። እንዲህ ያለውን የቀመሰ እንግዳ ዳግመኛ ጠጅ አይጠይቅም። ማር የሚነግዱ የአካባቢያችን ሰዎች ከአንድ ጥሩ ጠማቂ ጋራ ተስማምተው፣ ጣዕሙ ዘወትር አንድ ዓይነት የሆነ ጠጅ ለሆቴሎች ቢያቀርቡ፣ ከውጭ ከሚመጣው ከማናቸውም ጠርሙስ የበለጠ ትርፍ ያገኙበታል ብለን እናምናለን። እንግዳው ይህን ያህል መንገድ የመጣው በአገሩ ሱቅ የሚያገኘውን ለመጠጣት አይደለምና።

ለአስመጪዎች ደግሞ የሚከተለውን እናስታውሳለን። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የአልኮል መጠጦችን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች የባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተከልክለው ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ የውጭ ምንዛሪው ሥርዓት በተለወጠበት ጊዜ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመት ገደማ የአገር ውስጥ ጠርሙስ ብዙ ቦታ ያዘ፤ አሁን በሩ ቢከፈትም የብሩ ምንዛሪ ዋጋ ስለ ተለወጠ አንድ ሣጥን የውጭ ወይን የሚያስሰው ገንዘብ እንደ ቀድሞው አይደለም። እንግዲህ ማስመጣቱ ካልቀረ፣ በአገር ውስጥ የማይገኘውን ማስመጣት ነው የሚያዋጣው። ደረቅ ቀይ ከጉደርም ከዝዋይም አለን። የሚጎድለን አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ ጥቂት ጣፋጭነት ያለው፣ መዓዛው የሚያምር ነጭ ነው። ይህም ማለት የጀርመን ሪስሊንግ፣ የደቡብ አፍሪካ ሸኒን ብላን መካከለኛ ጣፋጩና የመሳሰለው ነው። ከቀዩ ደግሞ የኢጣልያው ላምብሩስኮ፣ ጣፋጩ ዓይነት፣ አልኮሉ ከመቶ ወደ 8 እጅ ገደማ ስለ ሆነ ለዶሮ ወጥ የተሠራ ይመስላል።

በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ግን ያስፈልጋል፤ አንዱ ሪስሊንግ እንደ ማር፣ ሌላው እንደ ሎሚ ነውና። በጀርመኖች ጠርሙስ ላይ «ትሮከን» ደረቅ፣ «ሃልብትሮከን» መካከለኛ፣ «ሊብሊሽ» ጣፋጭ ማለት ነው፤ ፈረንሳዮች «ሴክ»፣ «ደሚ ሴክ»፣ «ሞዌሎ» ይላሉ፤ ኢጣልያኖች «ሴኮ»፣ «አማቢሌ»፣ «ዶልቼ» ይላሉ። ቃሉ ባይኖር እንኳ የአልኮሉ መቶኛ ራሱ ይናገራል፤ ነጭ ወይን ሆኖ 9 ወይም 10 ከመቶ የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል አልተለወጠም፤ ጣፋጭነት ቀርቶበታል ማለት ነው። የህንድን ምሳሌ መመልከትም መልካም ነው። ቃሪያና ቅመም የሚበላ ሕዝብ ባለበት በናሺክ አውራጃ ሱላ የተባለው የወይን እርሻ እ.ኤ.አ. በ2000 የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ሲያወጣ የጀመረው በብርቱ ቀይ አልነበረም፤ በሶቪኞን ብላንና በሸኒን ብላን፣ በሁለት ነጮች ነበር እንጂ።

የቀረው የባለ ሱቁና የባለ ሆቴሉ ነገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት አልኮልን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ የተከለከለ ሲሆን፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥም አይፈቀድም። ስለዚህ ወይኑን የሚያስተዋውቀው የምግብ ዝርዝሩና የአስተናጋጁ አንደበት ነው። በዝርዝሩ ላይ ከዶሮ ወጡ አጠገብ «ከበረደ ጣፋጭ ቀይ ወይን ጋራ» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ምንም አያስወጣም። አስተናጋጆቹም ከሚሸጡት ወይን አንድ ጊዜ ከወጡ ጋራ እንዲቀምሱ ቢደረግ መልካም ነው፤ ያልቀመሰ ሰው ሲጠየቅ ዓይኑ ሁልጊዜ ወደ ዋጋው ያያል።

ጠርሙሱን በፀሐይ ብርሃን ከሚመታው መስኮት አርቆ፣ ቡሽ ያለውን አጋድሞ ማስቀመጥ ይገባል። የደባርቅ ብርድ ለመጋዘን ይስማማል፤ ነገር ግን በቀን በቆርቆሮ ጣራ ሥር የሚግልና ሌሊት የሚቀዘቅዝ ክፍል ቡሹን ስለሚያላላ ይበላሻል። በብርጭቆ መሸጥ ለማይደፍር ሰው ደግሞ ሒሳቡ ይህ ነው፤ ሰባት መቶ ኀምሳ ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ መቶ ኀምሳ ሚሊ ሊትር የሚይዙ አምስት ብርጭቆዎች ይወጡታል። ሙሉ ጠርሙስ የማያዝዝ ብቸኛ መንገደኛ አንድ ብርጭቆ ያዝዛል፤ የተከፈተውም ጠርሙስ በሚገባ ተደፍኖ በብርድ ሲቀመጥ ሦስት ቀን ያህል ሳይጎዳ ይቆያል። ከዚያ ያለፈውን ጣፋጭ ቀይ ግን መድፋት አይገባም፤ ወደ ማድቤት ይሂድ፤ በርበሬውን አርጥቦ አዋዜ ለማሸት ከእርሱ የሚሻል አይገኝም።